ቁጭ ብሎ የሚበላ ማነው?

ዛሬ ከሰዓት ሂርማታ ገበያ ጀርባ ጀበና ቡና ላይ ተቀምጠን ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ከሥራ ተቀንሷል፤ ግን የተጣራ ደሞዙን 60 በመቶ እየከፈሉት ነው። ልጅ ቢኖረው 67 ይሆን ነበር አለ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበርና ቡና የምታፈላው እትዬ ረከቦቱ ላይ ስኒ እንደያዘች ቀረች።

«ቁጭ ብሎ? ታዲያ ማን ይሠራል?»

አጠገቤ ያለው ልጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግ የጨረሰ ነው። አሁን ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። የሸሚዙ ትከሻ በጆንያ ሳስቶ ቆዳው ይታያል። «እትዬ፣ እኔ ማንም ሳይከፍለኝ ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ የለ?» አላት። ሳቅን። እሷም ሳቀች፣ ሁለተኛውን በነፃ ቀዳችለት።

የጀርመኑ ገንዘብ እኮ ምፅዋት አይደለም፤ ሲሠራ ከደሞዙ የተቆረጠ መዋጮ ነው። ቢያንስ 12 ወር ሳያዋጣ አያገኝም።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለው የስንብት ክፍያ ነው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዚያ ለየዓመቱ የዚያ ሲሶ። እኔም አምና ስቀነስ ደርሶኛል (ስንት ወር ተመላልሼ እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ብሩ ሰነፍ አላደረገኝም። የቤት ኪራይ ከፈልኩበት፣ ሲቪዬንም ተረጋግቼ ጻፍኩ።

ልጁ ስኒውን አስቀምጦ ተነሳ። አይሱዙ መጥቶ ነበር፣ ገና ያልተራገፈ።