እማዬና የደብረጼን ሰዓት

ደሴ ከገባሁ 12ኛ ቀኔ ነው። ሐምሌን ታውቁታላችሁ፣ ጦሳ ጉሙን ለብሶ እስከ እኩለ ቀን አይገለጥም፣ ጎረቤቱ እንኳን ደህና ገባሽ እያለ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ከዛ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ፣ አገሩ እንዴት ነው? "ጥሩ ነው አልሀምዱሊላህ" እላለሁ። ማታ ስተኛ ግን ያልነገርኳቸው ነገር ሁሉ ይመጣብኛል፣ በተለይ ዘንድሮ የስኮላርሺፕ ፎርም ሞልታችሁ መልስ እየጠበቃችሁ ያላችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ ለእናንተ ብዬ ነው የምጽፈው።

ኮምቦልቻ ኪዮት (የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ተመርቄ መስከረም 2016 ነው ለማስተርስ ሃንጋሪ የሄድኩት፣ ደብረጼን የምትባል ከተማ። (አንዷ ጎረቤታችን ስሙን ስትሰማ ገዳም መስሏት "ደብረ ምን?" ብላለች።) ስኮላርሺፑ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ነው፣ ክፍያ የለም፣ ዶርም ይሰጡሻል፣ በወር 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ ነው) እጅሽ ላይ ይገባል። ይበቃል ወይ ለምትሉኝ፣ እያበሰልሽም ይጠብባል፣ ውጪ እየበላሽ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ስሜ ነው። እዛ የቤተሰብ ስም ነው የሚቀድመው፣ ፓስፖርቴ ላይ ደግሞ እዛ ቦታ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው፣ እና የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ስም ሲጠራ ኩታበር ላይ ሲያርስ የኖረውን አያቴን ጠራው። ዝም አልኩ፣ እኔን መሆኑ አልገባኝም። ሲደግመው ነው እጄን ያወጣሁት። ማታ ለእማዬ ስነግራት ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አለቀሰች፣ "አባቴን ፈረንጅ አገር ድረስ ይዘሽው ሄድሽ" አለችኝ። የእናቴ አባት አይደለም እኮ፣ አማቷ ነው፣ ግን አባቴ ነው የምትለው። ከዛ ቀን በኋላ በእሱ ስም ሲጠሩኝ ደስ ይለኛል፣ ላስተካክላቸው ሞክሬም አላውቅ።

ፈተናው ከእኛ ይለያል። ኔፕቱን የሚባል ሲስተም አለ፣ ቀኑን ራስሽ መርጠሽ እዛ ላይ ትመዘገቢያለሽ፣ ካረፈድሽ ጥሩው ቀን ይሞላል። ብዙው የቃል ነው፣ መምህሩ ፊት ተቀምጠሽ ነው የምትመልሺው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፣ 1 ወደቅሽ ማለት ነው። ኪዮት አራት አመት ተምሬ መምህር ፊት ቁጭ ብዬ አንድ ቀን በቃል ተፈትኜ አላውቅም ነበር፣ የመጀመሪያው ላይ የማውቀውን ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ያዘብኝ። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ ጮክ ብዬ ነው የማጠናው፣ እናንተም ከአሁኑ ልመዱት።

ብርዱን አትፍሩት፣ የደሴ ልጅ ነን። ቤት ውስጥ ማሞቂያው በቲሸርት ነው የሚያስቀምጥሽ። የከበደኝ ጨለማው ነው፣ ታህሳስ ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፣ ከክፍል ስትወጪ ሌሊት ነው፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቷል፣ ያኔ ነው ቤት የሚናፍቀው። አንድ እሁድ ሽታው እንኳን ይሁነኝ ብዬ ኪችን ውስጥ ቡና ቆላሁ፣ ጢሱ ከፍ ሲል አላርሙ ጮኸና ሙሉ ዶርሙ በሌሊት ልብስ በረዶ ላይ ወጣ። በጣም አፈርኩ። ፎቄ ላይ ያለች አንዲት የኢንዶኔዥያ ልጅ ግን አልተቆጣችም፣ መጥታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ መስኮቱን ከፍተን የቀረውን አፍልቼ አጠጣኋት። ረመዳንን ከእሷ ጋር ነው የጾምነው፣ እሷ ሩዝ እኔ ሾርባ እያልን። መጋቢት 22 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲቀየር ማፍጠሪያው በአንድ ቀን ከ12 ገደማ ወደ 1 ሰዓት ሄደብን፣ ጾሙ ያው ነው፣ ሰዓቱን ስናይ ግን የረዘመብን መሰለን።

ስልኩ ላይ እንምጣ። በኢሞ ነው የምንገናኘው፣ ቡናው ሲቀርብ ወንድሜ ስልኩን ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን አስደግፎ ያቆመዋል፣ የእማዬ ግማሽ ፊትና የጀበናው አንገት ነው የሚታየኝ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁሌም "በላሽ?" ነው። በላሁ እላለሁ፣ ዳቦ ብቻ የበላሁበትም ቀን። በረካው ላይ ዱዓ ያደርጉልኛል፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ ምን እንዳሉ ሳልሰማ አሚን እላለሁ። እኔ ብቻ የምዋሽ መስሎኝ ነበር። አሁን ስመጣ ነው ወንድሜ የነገረኝ፣ ጥር ላይ ግፊቷ ተነስቶ አንድ ሳምንት ተኝታለች፣ ያን ሳምንት በየቀኑ አውርተናል፣ ሻሽ አስራ ቁጭ ትልና "ደህና ነኝ አብሽሪ" ትለኝ ነበር። ይሄን ሳስብ እስካሁን ሆዴ ይላወሳል።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት አለ። ስሄድ አንድ ነበር። ሁለተኛውን እማዬ ናት ያስገዛችው፣ የእኔን ሰዓት ማወቂያ፣ ክፍል ውስጥ እያለሁ እንዳትደውል። መስከረም ላይ ከደሴ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርገው ሰቀሉት፣ ጥቅምት ላይ እዛ ሰዓት ሲቀየር ወንድሜ ወንበር ላይ ወጥቶ ሁለት አደረገው፣ መጋቢት ላይ ግን ሳይመልሱት ቀሩ። አሁን ቆሜ ሳየው እንደዛው በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ለካ ከመጋቢት ወዲህ "ልትነቃ ነው" ብላ ስትደውል እኔ ትራም ውስጥ ነበርኩ። ላስተካክለው ወንበር ስጎትት ሰማችኝ፣ ቡና እየወቀጠች ነበር፣ ቀና ሳትል፣

"ተይው ልጄ፣ ትሄጂም የለ፣ ለጥቅምት ይደርሳል።"

ወንበሩን መለስኩት።