«የተናገሩኝ እኮ ክፍል ውስጥ ነው»

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ግብረ ገብ አስተምራለሁ። ይህ የሆነው የይቅርታን ትምህርት ባስተማርኩ በሳምንቱ ነው።

ትምህርቱን ደስ ብሎኝ ነበር ያስተማርኩት። ሰሌዳው ላይ አራት ነገር ጻፍኩ፤ ጥፋትን በግልጽ መናገር፣ ሰበብ አለማብዛት፣ ይቅርታ መጠየቅ፣ የተበላሸውን ማስተካከል። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፣ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩበት። ሁለቱን አውጥቼ ድራማ አሠራኋቸው። ክፍሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ትምህርቱ የገባቸው መሰለኝ።

ከዚያ ቴስት ሰጠሁ። ከአሥር የሚታረም ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አምስት ማርክ ይይዛል፤ «ኃላፊነታችሁን የተወጣችሁበትን አንድ ነገር ከራሳችሁ ሕይወት ጻፉ» ይላል። ማታ ቤቴ ሳርም ሁለት ወረቀቶች ላይ አንድ ዓይነት መልስ አገኘሁ። ቃል በቃል። የአንድ ዴስክ ልጆች ናቸው። እሱ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ነው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ ደረጃዋም ከሠላሳ በታች ነው። ብዙም አላሰብኩም። ለእሱ አምስቱን ሰጠሁት፣ ለእሷ ዜሮ።

ሰኞ ወረቀቱን ስመልስ እሷ ጋ ስደርስ ቆምኩ። «አንቺ ደግሞ ከራስሽ ሕይወት ጻፊ ስትባዪ የሰው ሕይወት ትኮርጃለሽ?» አልኳት። ከስልሳ በላይ ተማሪ ፊት። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ምንም አልመለሰችም። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው፣ እንደገና ለሁለት አጠፈችው፣ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። አብሯት የሚቀመጠው ልጅ ጠረጴዛውን ያያል።

ወረቀቶቹን ለፋይል መልሼ ሰብስቤ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ስታፍ ውስጥ ማርክ ሊስት ስሞላ ያቺ በአራት የታጠፈች ወረቀት ከመሃል ወጣች። ያን ጊዜ ነው ያነበብኳት። ማታ ያስተያየሁት መስመሮቹን እንጂ አላነበብኳቸውም ነበር።

እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ እሄዳለሁ። የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት አጸዳለሁ። እሾሁ ጣቴን ይወጋኛል። እኔ ከቀረሁ እናቴ ብቻዋን እስከ ማታ ትቆያለች። ስለዚህ አልቀርም።»

የልጁን አባት አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት በመኪና ነው የሚያደርሱት። ቆሮሶን ሳህን ላይ ተጠብሶ ሲቀርብ ያውቀው ይሆናል። እሾሁ ጣት እንደሚወጋ የሚያውቀው ግን ያጸዳው ሰው ነው። ኃላፊነት ማለት ምን እንደሆነ ከዚህች ከአምስት መስመር ጽሑፍ የተሻለ ያስረዳኝ ተማሪ አላጋጠመኝም። ዜሮ የሰጠሁት ለዚያ ጽሑፍ ነው።

ወዲያው አስጠራኋት። ስታፍ በር ላይ ቆመን «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ተሳስቻለሁ» አልኳት። ከልቤ ነበር። እጇን አየሁት፤ የሌባ ጣቷ ጫፍ ላይ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። «እሺ» አለች። ትሄዳለች ስል ቆመች። ቀና ሳትል፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፤

«ቲቸር፣ የተናገሩኝ እኮ ክፍል ውስጥ ነው።»

ይህን ብላ ሄደች።

ለአንድ ባልደረባዬ ነገርኩት። በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ የማከብረው ሰው ነው። «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ለእሷ ነግረሃታል በቃ። ክፍል ውስጥ ይቅርታ ብትል ይንቁሃል» አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኛም ያደግነው እንደዚያ ነው። ታላቅ ለታናሽ ይቅርታ ሲል አላየንም፤ ሲሳሳት ዝም ይላል፣ ወይ በሌላ ቀን ከረሜላ ይገዛልናል። እኔ ግን አራቱን ነገር በእጄ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። ልጅቷም ደብተሯ ላይ ገልብጣዋለች።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃርትሾርንና ሜይ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ10 ሺህ በላይ ልጆችን በልዩ ልዩ መንገድ ፈትነው ነበር። አጋጣሚ ሲያገኙ ይኮርጃሉ? ይዋሻሉ? ብለው። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ትክክለኛውን ነገር ማወቅና ትክክለኛውን ነገር ማድረግ ብዙም እንደማይገናኙ ነው። አንድ ቦታ የኮረጀ ልጅ ሌላ ቦታ ላይኮርጅ ይችላል፤ እንደ ሁኔታው ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1993 (እ.ኤ.አ.) ለትምህርት ቤቶች ባወጣው ሰነድ አሥር የሕይወት ክህሎቶችን ሲዘረዝር፣ ውሳኔ መስጠት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ስሜትን መቆጣጠር እያለ፣ ልጆች በመለማመድ እንጂ በመስማት ብቻ እንደማይማሯቸው አስቀምጧል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ሌሰን ፕላኔ ላይ «ተሳትፏዊ ዘዴ» ብዬ እጽፋለሁ። እነዚያ ልጆች በዚያ ሳምንት ስለ ይቅርታ ያዩት እውነተኛ ነገር ግን የእኔው ነው፤ ሰው ፊት አዋርዶ በር ላይ ይቅርታ መጠየቅ።

ልጁንም ለብቻው አነጋገርኩት። አልካደም። ዓይኑ እንባ ሞላ። «ለምን?» ስለው ያልጠበቅኩትን መለሰልኝ። «ቲቸር፣ እኔ ቤት ምንም አልሠራም። ምን ልጻፍ?»

ይህን እስካሁን አልረሳሁትም። አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። የኃላፊነትን ትርጉም ብጠይቀው ሳይደናቀፍ ይነግረኛል። አልጋውን ግን አንጥፎ አያውቅም። ቦርሳውን ሠራተኛዋ ታዘጋጅለታለች። ወላጆቹ ክፉ አይደሉም፤ «ልጃችን ያጥና» ብለው ነው። እናቱን አስጠርቼ አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ የራሱ እንዲሆን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ቅር አላቸው። ለትምህርት ላክነው እንጂ ለሥራ አይደለም አሉኝ። ጽሑፉን አነበብኩላቸው፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር። ዝም ብለው ሰሙና ነጠላቸውን እያስተካከሉ «እሺ፣ የግቢውን አትክልት ውኃ ያጠጣ» አሉ።

ረቡዕ ክፍል ገባሁ። ደብተር ሳያወጡ ተናገርኩ። «ሰኞ ዕለት እዚህ ቆሜ ተማሪዬን ኮርጀሻል ብያታለሁ። ጽሑፉ የራሷ ነው። በደንብ ሳላነብ ነው የፈረድኩት። ያፈረችው እናንተ ፊት ስለሆነ ይቅርታም የምጠይቃት እናንተ ፊት ነው።» ወደ እሷ ዞሬ ይቅርታ ጠየቅኳት። የልጁን ስም አልጠራሁም። መገመታቸው ግን አይቀርም፤ እሱን ማስቀረት አልቻልኩም፣ ዛሬም ይከነክነኛል።

ክፍሉ ጭጭ አለ። የሳቀም የለም። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጠመኔ አንስቼ የዕለቱን ርዕስ ልጽፍ ወደ ሰሌዳው ስዞር እጇን አወጣች።

«አቤት?» አልኳት።

«ማርኬስ ቲቸር?»

ዜሮው ማርክ ሊስቱ ላይ እንዳለ ነበር። አራተኛውን፣ የተበላሸውን ማስተካከል የሚለውን፣ ረስቼዋለሁ። ማርክ ሊስቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ወደ ዴስኳ ሄድኩ፣ እስክሪብቶ ስጪኝ አልኳትና ዜሮውን ሰርዤ አምስት ጻፍኩ፣ ከጎኑ ፈረምኩ። አንገቷን ዘርግታ ቁጥሩን አየች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ቀኑን መጻፍ ጀመረች።