ከዘረመል መረጃ እስከ መድኃኒት ማዘዣ

ወደ ሕዝብ ዘረመል ጥናት የሳበኝ የጥንት ሰዎች ፍልሰት ነበር። አሁን ግን ማንኛውንም ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ይህ መረጃ ሐኪሙ የሚያዝዘውን መድኃኒት ይቀይራል ወይ?

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ ከታይዋን የወጣ ጥናት ነው። ካርባማዜፒን ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ኤችኤልኤ-ቢ 15፡02 የተባለው የዘረመል ዓይነት ያላቸው ሰዎች ግን ሲወስዱት ቆዳቸው ሊላጥ፣ ሕይወታቸውም ሊያልፍ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ወደ 4,900 የሚጠጉ ሰዎችን አስቀድመው መረመሩ። ዓይነቱ የተገኘባቸው መድኃኒቱን እንዳይወስዱ ተመከሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ሲታተም በዚያ ጉዳት የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እኔና ባልደረቦቼ ጂ6ፒዲን መረጥን። ቀይ የደም ሕዋስን ከጉዳት የሚጠብቅ ኢንዛይም ነው። በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እጥረቱ እንዳለባቸው ይገመታል። ወባ ለዘመናት በኖረባቸው አካባቢዎች በብዛት ይገኛል። ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የቫይቫክስ ወባ ለማጥፋት ፕሪማኩዊን ሲሰጥ፣ እጥረቱ ያለበት ሰው ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ።

ቀደም ብለው የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ተጠቀምን። ባለቤቶቻቸው ለእንዲህ ያለ ሥራ ያልፈቀዱባቸውን ተውናቸው። የቅርብ ዘመዳሞችንም ለየን፤ አንድ ቤተሰብ ተደጋግሞ ከተቆጠረ ስሌቱ ይዛባል። ከዚያ ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ ቆጠርን።

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ኢንዛይም ዘረመል የሚገኘው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ አንድ ኤክስ ብቻ ስላለው ወይ እጥረቱ አለበት ወይ የለበትም። ሴት ግን ሁለት አላት። ከወንዶቹ 10 በመቶው እጥረት ካለባቸው፣ በሁለቱም ኤክስ የያዙት ሴቶች 1 በመቶ ገደማ ናቸው። በአንዱ ብቻ የያዙት ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። የብዙዎቹ የኢንዛይም መጠን መካከለኛ ነው። “አለ” ወይም “የለም” ብቻ የሚለው ፈጣን ምርመራ ብዙዎቹን ደህና ናቸው ብሎ ያሳልፋቸዋል። ለዚሁ ወባ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ታፌኖኩዊን የተባለው መድኃኒት ግን የሚሰጠው ኢንዛይሙ ከመደበኛው መጠን 70 በመቶ በላይ ለሆነ ሰው ነው። ስለዚህ መጠኑን በቁጥር የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። የወንዶቹን ቁጥር ብቻ ይዘን ብንሄድ ኖሮ ይህ አይታየንም ነበር።

ውጤቱን ስናቀርብ “እንግዲያው እጥረቱ ለሚበዛበት ማኅበረሰብ መድኃኒቱን እናቁም?” የሚል ሐሳብ መጣ። አጥብቄ ተቃወምኩ። እጥረቱ በሚበዛበት ቦታም አብዛኛው ሰው መድኃኒቱን በደህና ሊወስድ ይችላል፤ ብናቆምበት ወባው እየተመላለሰ ያሠቃየዋል። “ዝቅተኛ ነው” በተባለ ቦታ ደግሞ 3 በመቶ ማለት ከ1,000 ወንድ 30 ሰው ነው። የማኅበረሰብ ቁጥር የመመርመሪያ መሣሪያው መጀመሪያ የት ይሂድ ለሚለው መልስ ይሰጣል። ፊት ለፊት ስለተቀመጠው ታካሚ የሚናገረው የራሱ ምርመራ ብቻ ነው። በብሔር ስም የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ጤና ተቋም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማየት የማልፈልገውም ለዚህ ነው።

ለጤና ባለሙያዎቹ የሰጠናቸው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ከ100 ታካሚ ስንቱ ሌላ አሰጣጥ እንደሚያስፈልገው፣ ሽንት ሲጠቁር ወይም ዓይን ቢጫ ሲሆን ምን መደረግ እንዳለበት ይዟል።

ናሙና ለሰጡት ሰዎችም ውጤቱን ይዘን ተመለስን። ብዙዎቹ የጠየቁት ስለ ልጆቻቸው ነበር። እጥረት ያለበት አባት ኤክሱን ለሴት ልጆቹ ሁሉ ያስተላልፋል፤ ለወንድ ልጆቹ ግን አያስተላልፍም። ወንድ ልጅ የሚወርሰው ከእናቱ ነው። አሁን አንድ ወንድ ሲገኝበት እናቱ፣ እህቶቹና ወንድሞቹ እንዲመረመሩ እንመክራለን።