ከደብተሩ መጨረሻ ያለው ገጽ

በደብተሬ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ገጽ አለው። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ሲነቃ የልብ ምቱ ስንት ነበር፣ የት ጋ አመመው፣ ትናንት ምን ሮጠ። የሩጫ አሰልጣኝ ነኝ፤ 19 ልጆች አሉኝ። አብዛኞቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ናቸው። 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ነው የምንሠራው።

በጥቅምት መጀመሪያ አንዷ ልጅ የራሷን ገጽ ፍለጋ ደብተሩን ስታገላብጥ ቆየችና «ኮች፣ የእርስዎስ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና ስሜን ጻፍኩበት።

ይኸው ዛሬ 14ኛ ሳምንቴ ነው። እንደኔ ፊሽካና ሰዓት ይዛችሁ ጎህ ሳይቀድ ለምትወጡ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሮች ደስ አይሉም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፤ 12 ሰዓት ላይ ሱሉልታ መድረስ አለብን። ከልምምድ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ ስፖርት አስተምራለሁ። ማታ ስልክ ነው፦ ወላጅ፣ ማናጀር፣ ጫማው የተቀደደበት ልጅ። ጎኔን የማሳርፈው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የሳምንቱ አማካይ እንቅልፌ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። የጠዋት የልብ ምቴ 78። ቡና በቀን 6 ስኒ። እንዲህ ያለ ቁጥር በአንድ ልጅ ገጽ ላይ ባይ ኖሮ የዚያን ቀን ኢንተርቫል (በፍጥነት ሮጦ፣ አረፍ ብሎ መድገም) አላሠራውም ነበር። ቤትህ ሂድና ተኛ ነበር የምለው።

ከዚያ ለራሴ ብቻ የሚሆን አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ «ዛሬ ጮህኩ?»

ጮህኩ ስል እርማት መስጠት አይደለም። ክንድሽን ዝቅ አድርጊ፣ ዳገቱ ላይ አትሳብ ማለት ሥራዬ ነው። የማወራው ልጁ አንገቱን ደፍቶ የሚቆምለትን ጩኸት ነው። በ3 ሳምንት ውስጥ 9 ቀን ጮኼ ነበር። ከ9ኙ 7ቱ ከ5 ሰዓት በታች የተኛሁባቸው ቀናት ናቸው። ሦስት ሳምንት ትንሽ ጊዜ ነው፤ ከዚህ ተነስቼ ሕግ አላወጣም። ግን ልጆቹ አጠፉ ብዬ የተቆጣሁባቸውን ቀኖች ተመልሼ ሳይ፣ የሮጡበት ሰዓት ከሌላው ቀን የከፋ አልነበረም። የተለየሁት እኔ ነበርኩ።

4ኛው ሳምንት ላይ ነገሩ ቁጥር መሆኑ ቀረ።

ያችው የጠየቀችኝ ልጅ ማክሰኞ ጠዋት ስታሟሙቅ ቀኝ እግሯን ስትቆጥብ አየኋት። ጠርቼ ቅልጥሟን በጣቴ ስጫን አንዷ ነጥብ ላይ ደረስኩና እግሯን ነጠቀችኝ። የቅልጥም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። አጥንቱን ተከትሎ ረዘም ብሎ የሚሰማ ሕመም ብዙ ጊዜ ጭነት ሲቀንሱለት ይለቃል። አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ ሌሊት ሳይቀር የሚነዘንዝ ከሆነ ግን አጥንቱ ራሱ መሰንጠቅ ጀምሮ ይሆናል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ገና ሲጀምር በራጅ ላይታይም ይችላል፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ የሚቀጥል ልጅ ብዙ ነው። ሐኪሙ 6 ሳምንት ሩጫ ከለከላት።

ገጿን ገለጥኩ። 9 ቀን በተከታታይ «ደህና ነኝ» ብላ አስጽፋኛለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትዎ ተቆጥቶ ነበር፣ ኮች።»

በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ ሌሊት አስቤያለሁ። አሰልጣኝ መሪ ነው እንላለን። የመሪ ሥራው መረጃ ማግኘት ከሆነ፣ እኔ በድካሜ ዋናውን የመረጃ ምንጬን ዘግቼው ነበር። ልጆቹ ጠዋት መጀመሪያ የሚያነቡት ፕሮግራሙን አይደለም። የኔን ፊት ነው።

ብዙዎቻችን ያደግነው የታዋቂውን የአትሌቲክስ አሰልጣኝ የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ጥብቅነት እየሰማን ነው። ጥብቅነት ይከበራል፤ እኔም አልተውኩትም። ሰዓት ይከበር፣ ፕሮግራም አይሸራረፍ፣ የከባድ ልምምድ ቀን በእውነት ከባድ ይሁን። ቁጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጌ ስንት ዓመት እንደሠራሁ ሳስብ ያመኛል።

መጀመሪያ የቀየርኩት ጥያቄዬን ነው። በኛ አገር «ደህና ነሽ?» ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ሰላምታ እንጂ የጤና ምርመራ አይደለም። አሁን ከማሟሟቂያ በፊት አንድ በአንድ እየዞርኩ «ዛሬ የትኛው እግርህ ከበደህ?» እላለሁ። ጥያቄው ራሱ አንዱ እግር መክበዱን እንደ ተራ ነገር ይቆጥራል። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከዚህ በፊት ያልሰማኋቸው አራት ሕመሞች ወጡ። ሦስቱ ቀላል ነበሩ። አንዱ የተረከዝ ጅማት ነበር፣ በጊዜ ደረስንበት።

ቀጥሎ እንቅልፍ። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። ከምሳ በኋላ ያለውን ቡና ተውኩ። ካፌይን ከጠጣነው በኋላ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም ግማሹ ደም ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ ለልጆቹ ስንቴ ነግሬያለሁ። ለራሴ ግን 11 ሰዓት ላይ ሌላ ስኒ እጠጣ ነበር። የቀን እንቅልፍ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፣ ተውኩት። ስልኩን ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ዘጋሁ። አንዳንድ ወላጅ ቅር አለው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን፦ ጉዳት ከሆነ በማንኛውም ሰዓት በረዳቴ ቁጥር ይደወል፣ ሌላው ለጠዋት ይቆይ። ተግባባን።

ስለ ገንዘብም ልናገር። ይህን የሚዘል ምክር ለኛ አይሠራም። እሑድ እሑድ በግል የማሠራቸው ሰዎች ነበሩኝ። እሑድን ስተው ገቢዬ ቀነሰ፣ ቤት ውስጥም ተሰማን። ከባለቤቴ ጋር ሒሳብ ሠርተን ነው የወሰንነው። ሁሉም አሰልጣኝ ይህን ማድረግ አይችልም። ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ እሑድ ከቻላችሁ ግን ሞክሩት።

የከበደኝ ሐሙስን ማስረከብ ነው። ሐሙስ በሰንዳፋ አስፋልት ላይ ነው የምንሮጠው። ፕሮግራሙን ለረዳቴ ሰጠሁ። በመጀመሪያው ሐሙስ ከቤት ሆኜ አራት ጊዜ ደወልኩለት። በሁለተኛው አንዴ። በታላቁ ሩጫ ሰሞን፣ 5ኛው ሳምንት ላይ፣ ሥራ በዝቶ ሁሉንም ወደ ራሴ መልሼ ነበር። ገጹ ላይ ወዲያው ታየ፦ እንቅልፍ ወረደ፣ የልብ ምት ወጣ፣ ሁለት ቀን ጮህኩ። በ7ኛው ሳምንት እንደገና አስረከብኩ። ረዳቴ ልጆቹን በሁለት ቡድን ከፍሎ ደካሞቹን ቀድሞ ማስነሳት ጀመረ። እኔ ያላሰብኩት ነው። ከኋላ የሚቀሩት ልጆች ሌሎቹ እስኪደርሱባቸው ፊት ሆነው መሮጥ ለመዱ።

ኳስ የምትወዱ የሊቨርፑል አሰልጣኝ የነበረውን የጄራርድ ሁሊየርን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ሊቨርፑል ከሊድስ ጋር ሲጫወት፣ በእረፍት ሰዓት ታሞ ለከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ገባ። ረዳቱ ፊል ቶምፕሰን ለወራት ቡድኑን ይዞ ቆየ። ሊቨርፑል የዚያን ዓመት ሊጉን 2ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሕመሙ ከሥራ ድካም የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። የማስበው ስለ ረዳቱ ነው። እኔ ድንገት ብወድቅ 19ኙን ልጆች የሚይዝልኝ ሰው አዘጋጅቼ ነበር ወይ? እስከ ጥቅምት ድረስ መልሱ የለም ነበር። ሌላው የሊቨርፑል አሰልጣኝ የነበረው ክሎፕም እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ኃይሌ እያለቀ ነው ብሎ ሊቨርፑልን እንደሚለቅ ሲናገር፣ ያንን በአደባባይ ለማለት የሚያስፈልገውን ድፍረት አሁን ይበልጥ ይገባኛል።

የ13ኛው ሳምንት ቁጥር ይኸው፦ እንቅልፍ በአማካይ 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ የልብ ምት 69፣ ቡና 3 ስኒ። ጩኸት አንድ ቀን። 7 ሰዓት እንቅልፍ ገና አልደረስኩም። በሳምንት 5 ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብዬ ለመራመድ አቅጄ ነበር፤ እስካሁን ሳልዘል የያዝኩት 3ቱን ቀን ነው።

ልጅቷ ከሐኪሙ ፈቃድ በኋላ ሩጫና እርምጃ እያቀላቀለች ጀምራ፣ አሁን ሳር ላይ 25 ደቂቃ ትሮጣለች። ባለፈው ቅዳሜ ሱሉልታ ላይ ደብተሩን ተቀብላኝ የራሷን ሞላች። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄደች።

«ኮች፣ ትናንት 4 ሰዓት ብቻ ነው የተኙት።»

ቤት ውስጥ የገዛ ልጄ አሟት ስንነሳ ስንተኛ አድረን ነበር። ሰዓቱንና ፊሽካውን ለረዳቴ ሰጠሁ። ጃኬቴን ሳሩ ላይ አነጠፍኩና ተቀምጬ ሩጫቸውን አየሁ።