የመጨረሻው ፔሬድ ለማን ይድረስ?

ሰሞኑን የአዲሱን ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ይዤ ነው የማመሸው። ኮምፒውተሩ ብዙ ያግዘኛል። እኔ ግን መጀመሪያ በእርሳስ ካልሞከርኩት ነገሩ አይገባኝም።

ሥራው የሚጀምረው ከሒሳቡ ነው። ሳምንቱ 5 ቀን፣ ቀኑ 7 ፔሬድ ከሆነ ለአንድ ሴክሽን 35 ፔሬድ አለ። ፊዚክስ በሳምንት 4 ጊዜ ለ8 ሴክሽን ሲሰጥ 32 ይሆናል። አንድ መምህር ይሸከመው ቢባል ወረቀቱ ላይ ይገባል፤ ለመምህሩ ግን በሳምንት 3 ባዶ ፔሬድ ብቻ ይተርፈዋል። ታዲያ መቼ ይዘጋጅ? መቼ ፈተና ያርም? ቤተ ሙከራው ደግሞ ይብሳል። ክፍሉ አንድ ነው እንበል። 8ቱም ሴክሽኖች ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ በየሳምንቱ አንዳንድ ድርብ ፔሬድ ከፈለጉ 48 ፔሬድ ያስፈልጋል። ያለው 35 ነው። ይህን የትኛውም ብልሃት አይፈታውም። ቶሎ ለርዕሰ መምህሩ ነግሮ ሙከራውን በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ ነው።

ቀጥሎ አስቸጋሪውን ማስቀደም ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ መምህር፣ ድርብ ፔሬዶቹ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ። እነሱ ቦታ ከያዙ በኋላ ሌላው ይከተላል። ያም ሆኖ መጨረሻ ላይ አንዲት እምቢተኛ ፔሬድ አትጠፋም። ትናንት የ10ኛ ሐ ኬሚስትሪ እንዲህ ሆነች። መምህሯ ነፃ የሆኑት ሰኞ ሦስተኛ ላይ ነው፤ ልጆቹ ያን ሰዓት ጂኦግራፊ አላቸው። ጂኦግራፊውን ወደ ረቡዕ ሳወጣው መምህሩ 9ኛ ሀ ውስጥ ናቸው። 9ኛ ሀን ስነካ ስፖርቱ ተናጋ። ሺሞን ኢቨን፣ አሎን ኢታይና አዲ ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ይህ ዓይነቱ ድልድል እጅግ ከባድ ከሚባሉት የስሌት ችግሮች ተርታ እንደሚመደብ አረጋግጠዋል። ያለቀውን ፕሮግራም ግጭት አለው የለውም ብሎ ማጣራት ቀላል ነው። ከባዶ ተነስቶ መሥራቱ ነው ጭንቁ።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ግጭቱ አይደለም። ግጭት በኮምፒውተር ይታያል። ዓርብ የመጨረሻው ፔሬድ ማን ላይ እንደወደቀ ግን ካልቆጠሩት አይታይም። ከጠዋቱ አንዲት ፔሬድ፣ ከዚያ ረጅም ክፍተት፣ ከዚያ የመጨረሻዋ፤ ይህ ለአንድ መምህር ሙሉ ቀን ነው። ደጋግመው የሚጠይቁ መምህራን ደህና ደህናውን ያገኛሉ። ዝም ያሉት የተረፈውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መምህር ስም ጎን የመጨረሻ ፔሬዶቹንና ክፍተቶቹን እቆጥራለሁ። አንዱ ላይ ከበዛ አፍርሼ እሠራለሁ፤ ቢያስመሸኝም ግድ የለኝም።

ተማሪዎቹ ደግሞ ጭራሽ መጥተው አይጠይቁም። ዛሬ ስቆጥር 9ኛ ለ ሒሳብን ሦስት ቀን በመጨረሻው ፔሬድ ይማራል። ደክሟቸው፣ ርቧቸው፣ ዓይናቸው በር በሩን እያየ። ሁለቱን ወደ ጠዋት አምጥቻለሁ። የሐሙሱ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር ካልተለዋወጠ አይንቀሳቀስም። ነገ መምህሯን አነጋግራለሁ።