አንዱ ክፍል ከጣሪያ በላይ፣ ሌላው ከጣሪያ በታች፦ በእንግሊዝ ወረዳ ምግብ ቤት የከፈትኩበት መንገድ

ለንደን ውስጥ ምግብ ቤት የከፈቱ ወዳጆቼ የሰጡኝ ምክር ለእኔ እምብዛም አልጠቀመኝም። እዚያ አንዱ የክፍለ ከተማ አስተዳደር ሁሉንም ጉዳይ ይይዛል ማለት ይቻላል። እኔ ያለሁባት ትንሽ የገበያ ከተማ ግን ሁለት ጌታ አላት፤ ሰፊውን አካባቢ የሚያስተዳድረው ካውንቲና በውስጡ ያለው ወረዳ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) አላቸው። መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱና የአረጋውያን እንክብካቤው የካውንቲው ነው፤ የግንባታ ፈቃድ፣ የመጠጥ ፈቃድ፣ የምግብ ንጽሕና ቁጥጥርና የመኖሪያ ቤት ጉዳይ የወረዳው ካውንስል ነው። የነዋሪውን ቆሻሻ እንኳን ተካፍለውታል፤ ከደጃፍ የሚያነሳው ወረዳው፣ የሚያስወግደው ካውንቲው። የነዋሪዎችን ግብር የሚሰበስበው ወረዳው ቢሆንም ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ወደ ካውንቲው ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ሕግ ተደንግጎ ከ1974 ጀምሮ የዘለቀ ነው። ስለዚህ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ጉዳዩ የየትኛው እንደሆነ እወቁ፤ አለበለዚያ አንዱ ወደ ሌላው ሲልካችሁ ትከርማላችሁ።

ቀላሉን በአጭሩ ልንገራችሁ። የምግብ ንግድ ምዝገባ ነጻ ነው፤ ከመክፈታችሁ 28 ቀን በፊት በኢንተርኔት ትሞላላችሁ። ከ2020 መስከረም ወዲህ ሱቅና ምግብ ቤት በአንድ የአገልግሎት ምድብ ስለገቡ፣ የተዘጋ ጫማ ቤት ወደ ምግብ ቤት ለመለወጥ የተለየ ፈቃድ አላስፈለገኝም፤ ዋና ሥራችሁ ተጠቅልሎ የሚወሰድ ምግብ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ለጠጅና ለቢራ ፈቃድ ሳመለክት ፈዛዛ ሰማያዊ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለ28 ቀን ለጠፍኩ፤ የተቃወመ አልነበረም። የቤቱ የግብር ግምት ከ12,000 ፓውንድ ያልበለጠና ሌላ የንግድ ቤት የሌላችሁ ከሆነ የንግድ ቤት ግብር ላትከፍሉ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ማመልከት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው።

ሽንኩርትና በርበሬ ቀኑን ሙሉ የሚቁላላበት፣ ቡና የሚቆላበት ቤት ያለ ጭስ ማውጫ አይሆንም። ቱቦው ከሕንጻው ውጭ ሲተከል ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሕንጻው ታሪካዊ ጥበቃ ባለው መንደር ውስጥ ነው። ከማመልከቴ በፊት የካውንስሉ መመሪያ አጥብቆ የሚመክረውን «ቅድመ ማመልከቻ ምክር» ገንዘብ ከፍዬ ወሰድኩ። የደረሰኝ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ሙሉ «ሊሆን ይችላል»ና «ይታሰብበታል» ሲሆን፣ የመጨረሻው መስመር ደግሞ ይህ የባለሙያው አስተያየት እንጂ ካውንስሉን አያስገድድም ይላል። መመሪያው የፈለገውን ይበል፤ ለአንድ ቱቦ ይህንን ምክር አትግዙ። ገንዘቡን ለጥሩ ንድፍ አውጪ ስጡት።

ማመልከቻው መጀመሪያ የተመለሰው ንድፉ ላይ የልኬት መስመር የለም ተብሎ ነው። ልኬቱ በቁጥር ተጽፏል፤ መስመሩ ግን አልተሰመረም። ተሰምሮ እንደገና ገባ። ማስታወቂያው በመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ታሰረ፤ ምሰሶው የካውንቲው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከዚያ የክፍሎቹ አስተያየት በካውንስሉ ድረ ገጽ መውጣት ጀመረ። የአካባቢ ጤና ክፍል ሽታው ጎረቤት እንዳያውክ ቱቦው ከጣሪያው ጫፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል አለ። የቅርስ ባለሙያው ከጣሪያው በላይ ምንም ነገር እንዳይታይ አለ። ሁለቱም የአንድ ካውንስል ሠራተኞች ናቸው፤ የሚሠሩትም በአንድ ፎቅ ላይ ነው። አንዱ ለሌላው የጻፈው ደብዳቤ «ክቡር ሆይ» ብሎ ይጀምራል። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጪልኝ ስላት፣ ማስታረቅ የአመልካቹ ኃላፊነት ነው አለችኝ። እስካሁን ሲያናድደኝ ይኖራል። ደመወዛቸውን የሚከፍል አንድ ካውንስል ያላስማማቸውን ሰዎች እንጀራ ጋጋሪ ያስማማቸው?

ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ማመልከቻ ውሳኔ መስጠት ያለባቸው በስምንት ሳምንት ነው። ቀነ ገደቡ ሲቃረብ ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ፤ የጊዜ ማራዘሚያ ፈርም ወይም ማመልከቻህን ስበህ እንደገና አስገባ። ለስላሳ አነጋገር ነው፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው። ቀድሞ እንደገና ማስገባት አንድ ጊዜ በነጻ ነበር፤ ከ2023 ታኅሣሥ ወዲህ ይህ ተነስቷል፤ ስባችሁ ብትመለሱ እንደ አዲስ ትከፍላላችሁ። ማራዘሚያውም ዋጋ አለው። ውሳኔው 16 ሳምንት ካለፈው የከፈላችሁት ሊመለስላችሁ ይገባል፤ ማራዘሚያ ከፈረማችሁ ግን ይህ መብት ይቀራል። ይህንን ከካውንስሉ ማንም አልነገረኝም። እኔ ሁለቱ ክፍሎች ቦታው ድረስ አብረው የሚመጡበት ቀን በጽሑፍ ካልተሰጠኝ አልፈርምም አልኩ። ቀኑ ተሰጠኝ፤ አጭር ማራዘሚያ ፈረምኩ። ቀኑ ሲደርስ የመጣው አንዱ ብቻ ነበር።

መንገዱን ያበጀልኝ ሰፈራችንን በወረዳው ካውንስል የምትወክለው ተመራጭ የምክር ቤት አባል ናት። ብዙዎቻችን የምንፈራው ሠራተኛውን ነው፤ የተመረጠውን ሰው ስምም አናውቅም። አባላቱ በአብዛኛው ሌላ ሥራ ያላቸው ወይም ጡረታ የወጡ የሰፈር ሰዎች ናቸው። የእኛዋ ጡረተኛ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ታነጋግራለች። ስንት እንዳወጣሁ ልነግራት ስጀምር አቋረጠችኝ። «እሱ የፕላን ምክንያት አይደለም፤ የወረዳው ፕላን ስለ ባዶ ሱቆች ምን እንደሚል አንብበሃል?» አለችኝ። አላነበብኩም ነበር። ፕላኑ፣ ማለትም ካውንስሉ የግንባታ ፈቃድ ሲወስን የሚመራበት ሰነድ፣ በመሃል ከተማ የተዘጉ ሱቆች እንዲከፈቱ ይደግፋል። ከዚያ ንድፉን ገለበጠችና የብዕሯን ክዳን በጓሮው በኩል ባለው አሮጌ የጡብ ጭስ ማውጫ ላይ አሳረፈች። «ከዚህ ጀርባ ቢሆንስ? ከመንገድ ማን ያየዋል?» ሁለት ባለሙያዎች፣ አንድ የተከፈለበት ምክርና አንድ ንድፍ አውጪ ያላዩትን እሷ በብዕር ክዳን ጠቆመችው።

ባለሙያዋ ብቻዋን እንዳትወስን፣ ጉዳዩ የተመረጡ አባላት በሚወስኑበት የፕላን ኮሚቴ እንዲታይ በጽሑፍ የጠየቀችውም እሷ ናት። ለዚህ ጥያቄ የጊዜ ገደብ አለ፤ እያንዳንዱ ካውንስል የራሱን ያወጣል፤ ስለዚህ የምክር ቤት አባላችሁን ማስታወቂያው በወጣ ሰሞን አግኟት፣ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ አይደለም። አስቀድማ ለእኔ ስለቆመች በስብሰባው ተናገረች እንጂ ድምፅ አልሰጠችም፤ ሕጉ እንዲህ ነው። የባለሙያዋ ሪፖርት ከስብሰባው አምስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለሕዝብ ወጣ፤ «ውድቅ ይደረግ» ይላል። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ነገር ግን መመለስ ያለብኝን ጥያቄ አንድ በአንድ ስለዘረዘረልኝ ለዝግጅት ጠቀመኝ።

የተሰጠኝ የመናገሪያ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ስለ ባህላችን ታሪክ አልተረክሁም። ባዶ ሱቅ፣ አሮጌው ጡብ፣ ሽታ የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ፣ ጥቁር ቀለም፤ በቃ። ከላይ ፎቅ የሚኖረው ተቃዋሚ ጎረቤትም ሦስት ደቂቃውን ተጠቀመ። አንድ አባል የበርበሬ ሽታ ከካሪ ይብሳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሰብሳቢው ጥያቄውን አለፈው። ኮሚቴው የባለሙያዋን ሐሳብ ሽሮ ፈቀደልኝ፤ ማጣሪያው በየጊዜው እንዲለወጥና መዝገብ እንዲያዝለት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ።

አሁን ውጭ ወንበር ማውጣት እፈልጋለሁ። የእግረኛው መንገድ የካውንቲው ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ወረዳው፤ ካውንቲውን አማክሮ። ለአዲስ አመልካች ክፍያው ከ500 ፓውንድ አይበልጥም። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት 14 ቀን፣ ካውንስሉ የሚወስንበት 14 ቀን አለ፤ በዚህ ጊዜ ካልወሰኑ ለሁለት ዓመት እንደተፈቀደ ይቆጠራል። ዝም ብለው ቢቀመጡ የምጠቀምበትን ሕግ ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ፤ የልኬት መስመሩም ተሰምሯል።