ጂን ሳወር በእኛ ሎሚ

ዓርብ ማታ እህቴ ስትመጣ የምሠራላት መጠጥ አለኝ። ጂን ሳወር ነው። ጂን፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ከላዩ ነጭ አረፋ። እስኪሳካልኝ ድረስ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶብኛል።

ያስቸገረኝ «ሎሚ» የሚለው ቃል ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አሠራር ሁሉ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 30 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ 20 ሚሊ ሊትር የስኳር ሽሮፕ ይላል። እኔም በልኩ ቀላቀልኩት። ጥርስ የሚያጠርስ ሆነ። ስኳር ስጨምርበት ደግሞ የጂኑ ጣዕም ጠፋ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፈረንጆቹ በዚያ አሠራር ላይ የሚጽፉት ትልቁን፣ ቢጫውን፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነውን ሎሚ ነው። እኛ ከጉልት የምንገዛው ትንሹ፣ ልጣጩ ስስ፣ ፍሬ የበዛበት ሎሚ እነሱ ዘንድ «ላይም» ከሚባለው ወገን ነው። በአማርኛ ሁለቱም ሎሚ ናቸው። ምላስ ላይ ግን በጣም ይለያያሉ።

የእኛው ይበልጥ ይኮመጥጣል። መዓዛው ግን ቤት ይሞላል፤ ስለዚህ ልተወው አልፈለግኩም። ሎሚውን ወደ 20 ሚሊ ሊትር ዝቅ አደረግኩና 15 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ ጨመርኩ። ብርቱካኑ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል፣ ትንሽም ጣፋጭ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስቀምስ ኩሽና ውስጥ ብቻዬን «ይሄ ነው!» አልኩ።

ሎሚ የምገዛው ሾላ ነው፣ በመደብ። የምገዛቸው እናት አንድ ቀን ጠንካራ ጠንካራውን ስመርጥ አይተው «ተይው የኔ ልጅ፣ ለስለስ ያለውን ውሰጂ፤ ያ ውሃ የለውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በጣቴ ጫን እያልኩ ነው የምመርጠው። ቤት ስገባ ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በመዳፌ አሽከረክረዋለሁ፤ እናቴ ለሰላጣ ስትጨምቅ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ውስጡ ይላላና ሲቆረጥ ጭማቂው ሳይንገራገር ይወርዳል። ከአንድ ሎሚ ብዙም አይገኝም፤ ለአንድ ብርጭቆ አንዳንዴ ሁለት ያስፈልጋል።

ጠዋት ጨምቃችሁ ለማታ አታስቀምጡት፤ መዓዛው ይሄዳል። አሜሪካዊው የመጠጥ ቀማሚ ጄሪ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ጂን ሳወር አለ። እሱም ቁራጭ ሎሚው እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ይጨመቅ ይላል። በጠርሙስ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ አንዴ ሞክሬ ነበር። አልደግመውም።

ስለ ጂኑ ብዙ አልልም። አገር ውስጥ የሚመረተው ደረቅ ጂን ለዚህ ይበቃል። ጂንን ጂን የሚያደርገው የጥድ ፍሬ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው። የእኛ የሐበሻ ጥድ የዚያኛው ዘመድ ነው እንጂ ራሱ አይደለም፤ ስለዚህ ፍሬውን ከደጅ ለቅማችሁ እንዳትዘፈዝፉ አደራ። እኔ ግን ጠርሙሱን ስከፍት ከዝናብ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ይሸተኛል። ይህን መጠጥ የወደድኩት መጀመሪያ በዚህ ሽታ ነው።

ሽሮፑ ቀላል ነው፤ አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ ማሟሟት። ለመስፈር የአረቄ መለኪያ እጠቀማለሁ። መለኪያ ሁሉ ግን እኩል አይይዝም። ከፋርማሲ ስሪንጅ ገዝቼ የእኔን ስለካት 30 ሚሊ ሊትር ያዘች። ስለዚህ ጂኑ ሁለት መለኪያ ነው። ሎሚውና ሽሮፑ እያንዳንዳቸው የመለኪያዋን ሁለት ሦስተኛ ያህል ናቸው፣ ብርቱካኑ ግማሽ።

አረፋው ከእንቁላል ነጭ ነው የሚመጣው። እህቴ ግን ዓርብን ትጾማለች። እዚህ ላይ ሽምብራ ደረሰልኝ። የሽምብራ ንፍሮ ያለ ጨው ሲቀቀል ታች የሚቀረው ወፈር ያለ ውሃ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይመታል። አንድ መለኪያ ለአንድ ብርጭቆ ይበቃል። ውሃው ከቀጠነ ትንሽ ጊዜ እሳት ላይ ማቆየት፣ ከዚያ በደንብ ማቀዝቀዝ ነው። የሽምብራው ሽታ ያስፈራኝ ነበር፤ ሎሚው ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። አሁን ፍስክ ቀንም ቢሆን ጥሬ እንቁላል አላስገባም።

ሼከር የለኝም። ክዳኑ የሚጠብቅ የማር ጠርሙስ አለኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ያለ በረዶ አስገብቼ ግማሽ ደቂቃ ያህል እንጣለሁ፤ ቅዝቃዜ ከሌለ አረፋው ቶሎ ይነሳል። ክዳኑን በፎጣ ያዙት። አንዴ ሳልይዘው ቀርቼ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ሁሉ በሎሚ ታጠበ። ቀጥሎ በረዶ ይሞላና እንደገና ይናጣል፣ ጠርሙሱ እጅ እስኪያቆረፍድ ድረስ። በሻይ ማጥለያ ብርጭቆ ውስጥ ሲወርድ መጀመሪያ ሁሉም ደፍርሶ ይታያል። ዝም ብላችሁ እዩት። ከታች እየጠራ ወደ ፈዛዛ ቢጫ ይሄዳል፤ ነጩ እየተለየ ወደ ላይ ይወጣና ጣት ያህል ወፍሮ ይቆማል። ይህችን አንድ ደቂቃ ማየት በጣም እወዳለሁ።

ያለፈው ዓርብ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አጋምሰን መብራት ጠፋ። በረዶው ሳይቀልጥ ሁለተኛውን እንሥራ አልኩና ሻማ ለኮስኩ። እህቴ የብርቱካኑን ልጣጭ አንስታ ሻማው አጠገብ ጨመቀችው። የልጣጩ ዘይት እሳቱ ላይ ብልጭ ብልጭ አለ። ልጆች ሆነን መብራት በጠፋ ቁጥር የምናደርገው ነበር። «ሌላ ልጣጭ ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት፤ ጠርሙሱንም አብሬ። ሁለተኛውን የናጠችው እሷ ናት።